ብልጭ የምትለዋ ቢጫ መብራት

በክረምት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በፒክአፕ የሚወርዱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተት መኪና ምስል ያለባት መብራት ብልጭ ድርግም አለች፤ ተበላሸ ማለት ነው?

አይደለም። ብልጭ ድርግም ካለች መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሲስተም (ትራክሽን ኮንትሮልና ስታቢሊቲ ኮንትሮል) ሥራ ላይ ነው። በርታ ከቀረች ግን ወይ ሲስተሙ በማጥፊያው ተዘግቷል፣ ወይ ብልሽት አለ። (ብዙዎቹ የድሮ ፒክአፖች ሲስተሙ የላቸውም፤ መብራቷን አትፈልጓት።)

ትራክሽን ኮንትሮል የሚሠራው ነዳጅ ስትሰጡ ነው። ጎማ በባዶ ከተሽከረከረ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ ወይም ያንን ጎማ በፍሬን ይይዘዋል። ስታቢሊቲ ኮንትሮል ደግሞ መሪው የዞረበትንና መኪናው የምር የሚሄድበትን አቅጣጫ ያነጻጽራል።

ለምሳሌ ጭነት የሌለው ፒክአፕ ኋላው ቀላል ነው። እርጥብ ኩርባ ላይ መሪውን ወደ ግራ አዞራችሁ፤ ኋላው ወደ ቀኝ ሸሸ። ሲስተሙ የፊት ቀኙን ጎማ ለብቻው ይይዝና መኪናውን ወደ መስመሩ ለመመለስ ይሞክራል። እግራችሁ ፍሬኑን ሳይነካ ማለት ነው። ያለቀ ጎማን ግን አዲስ አያደርግም፤ ከልክ ያለፈ ፍጥነትንም አይችለውም።

ጭቃ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጉልበት እየቀነሰ እዚያው ሊያስቀራችሁ ስለሚችል ትራክሽኑን ማጥፋት ይረዳል። ማጥፊያው አንዴ ይጫን ወይስ ተይዞ ይቆይ፣ ፎር ባይ ፎር ሎው (አራቱንም ጎማ በቀስታ ግን በኃይል የሚያዞረውን ማርሽ) ስታስገቡ ራሱ ይጠፋል ወይ የሚለው እንደ ሞዴሉ ይለያያል። የመኪናውን መመሪያ እዩ። አስፋልት ስትገቡ መልሳችሁ አብሩት።