ታላቁ ፍልሰት ምንድን ነው? ወደ ሰሜን የተጓዙት ልጆች

እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ደቡቡን ለቀው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ሄዱ። ታላቁ ፍልሰት የሚባለው ይህ ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ደመወዝ ይጀመራል። እኔ ግን ከልጆቹ መጀመር አለበት እላለሁ፤ ብዙ ወላጅ ቤቱን ዘግቶ የወጣው ለልጁ ሲል ነውና።

በደቡቦቹ ግዛቶች፣ በሚሲሲፒ ወይም በአላባማ፣ የተወለደ የጢሰኛ ልጅ ገና በስድስት በሰባት ዓመቱ ጥጥ ይለቅም ነበር። ቤተሰቡ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ይካፈላል ይባላል እንጂ ሒሳቡን የሚጽፈው ባለመሬቱ ነው፤ የዘሩና የቀለቡ ብድር ሲቀነስ ለብዙዎች የሚተርፈው ዕዳ ነበር። ትምህርት ቤቱም የጥጥ ለቀማን ተከትሎ ይዘጋል። ልጁ ከፊደል በፊት የሚማረው ሌላ ነገር ነበር፦ ነጭ ሲመጣ መንገድ መልቀቅን፣ ዓይንን መስበርን፣ ቃልን መምረጥን። እናት ይህን የምታስተምረው ልቧ እየደማ ነው፤ አንዲት ያልታሰበች ቃል ሰው ታስገድል ነበርና።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፓ የሚመጣውን ሠራተኛ ሲያስቀር የሰሜን ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዞሩ። ቺካጎ ዲፌንደር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ‹ኑ› እያለ ይጽፋል፤ ጥቁር የባቡር አስተናጋጆችም በድብቅ ወደ ደቡብ ያደርሱታል። ባለመሬቶች ጉልበቱ እንዳያመልጣቸው ተጓዦችን ከጣቢያ እስከማሳሰር ስለደረሱ፣ የመሄጃውን ቀን ለጎረቤት እንኳ ሳይናገር የወጣ ቤተሰብ ብዙ ነው።

በባቡሩ ላይ ለጥቁሮች የተመደበው ፉርጎ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ኋላ ያለው፣ ጭስና ጥላሸት የሚበዛበት ነበር። የባቡሩ ምግብ ቤት ስለማያስተናግዳቸው እናቶች የተጠበሰ ዶሮና የተቀቀለ እንቁላል በጫማ ካርቶን ይሰንቁ ነበር። ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ የሚሄደው ባቡር የኢሊኖይ ደቡባዊ ጫፍ የሆነችው ኬይሮ ሲደርስ ግን ጥቁርንና ነጭን የሚለየው የደቡብ ሕግ ያበቃል፤ ጥቁሩ ተሳፋሪ ተነሥቶ ፉርጎ መቀየር ይችላል። አባቱ ማንንም ሳያስፈቅድ ወንበር ሲመርጥ ላየ ልጅ፣ ይህ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ሰሜኑ ገነት አልነበረም። አንድ ሙሉ ቤተሰብ በአንዲት ክፍል ተጨናንቆ፣ መጸዳጃ ቤት ከጎረቤት ጋር ይጋራል፤ ለጥቁር ቤት እንዳይሸጥ የሚከለክሉ ውሎችን ፍርድ ቤት ማስፈጸሙን ያቆመው በ1948 ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን መጠጊያ ሆነች፤ ከስደተኞቹ ብዙዎችን ከተቀበሉት አንዷ፣ ስሟን ከአገራችን የወሰደችው የኒው ዮርኳ አቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ናት። በትምህርት ቤት ደግሞ ከደቡብ የመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርድ ነበር። በ1913 በአላባማ ተወልዶ በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ ወደ ክሊቭላንድ የሄደ ልጅ፣ ስሙን ሲጠየቅ በደቡብ ቅላጼ ‹ጄይ ሲ› አለ፤ መምህርቷ ‹ጄሲ› ብላ መዘገበችው። በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ አራት ወርቅ ያገኘው ጄሲ ኦወንስ እርሱ ነው።

ደቡቡም አልተረሳም፤ ትምህርት ሲዘጋ ብዙ ልጆች ወደ ዘመድ ይላኩ ነበር። ሜሚ ቲል ከሚሲሲፒ ወደ ኢሊኖይ የመጣችው በሁለት ዓመቷ ነው። በነሐሴ 1955 የ14 ዓመት ልጇ ኤሜት ከቺካጎ ወደ ሚሲሲፒ ዘመዶቹ ሄዶ፣ ከአንዲት ነጭ ባለሱቅ ጋር አጉል ተናገረ ተብሎ በጭካኔ ተገደለ። የልጅን ጉዞ ያለ ወላጆቹ ፍርሃት መተረክ አይቻልም የምለው ለዚህ ነው። ሜሚ የሬሳ ሣጥኑ ተከፍቶ ሕዝብ እንዲያየው አደረገች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አዩት። ገዳዮቹን ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ (ፍርድ የሚሰጥ የተራ ዜጎች ሸንጎ) ነጻ ለቀቃቸው፤ ቁጣው ግን የመብት ትግሉን አቀጣጠለው። በዘር መለየትን የከለከለው የ1964 ሕግና የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው የ1965 ሕግ ከወጡ በኋላ ፍልሰቱ ቀዘቀዘ፤ ከ1970ዎቹ ወዲህም አቅጣጫው ተገልብጦ ብዙ የስደተኞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ወደ አትላንታና ወደ ሌሎች የደቡብ ከተሞች ተመልሰዋል።