«አይ 7 እኮ ነው!»፦ ስለ አሮጌ ዴስክቶፕና ስለ አዲስ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር ልግዛ ብላችሁ አፋችሁን ከከፈታችሁ ምክር አይጠፋም። የሱቁ ልጅ አንድ ይላል፣ ኪቶ ፉርዲሳ ኢንጂነሪንግ የሚማረው የአክስታችሁ ልጅ ሌላ ይላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው፦ ከቢሮ የወጣው ባለ አይ 7 ዴስክቶፕ ይሻላል ወይስ ቀጭኑ ባለ አይ 5 ላፕቶፕ?

እንዲመች ሁለት ፕሮሰሰሮችን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያስቡ ሁለት ቺፖችን፣ እንያዝ። አንዱ በ2011 የወጣው የዴስክቶፕ ኮር አይ 7-2600 ነው። ሌላው በ2022 የወጣው የላፕቶፕ ኮር አይ 5-1235ዩ ነው። ሁለቱም ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ሥራ ናቸው፣ አይ 5 እና አይ 7 እሱ የሚሰጣቸው የደረጃ ስሞች ናቸው፣ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር።

«አይ 7 ከአይ 5 ይበልጣል»

አንድ ጄኔሬሽን (አብረው የወጡ አንድ ትውልድ) ውስጥ፣ ሁለቱም ዴስክቶፕ ወይም ሁለቱም ላፕቶፕ ከሆኑ፣ በአብዛኛው አዎ። ከዚያ ውጭ ግን አይ 7 መባሉ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ደረጃው የሚያገለግለው አብረውት ከወጡት ጋር ሲወዳደር ነው።

ዋናው መረጃ ያለው ከሰረዙ በኋላ ነው። 2600 ሲል መነሻው ላይ ያለው 2 ሁለተኛ ጄኔሬሽን መሆኑን ያሳያል። 1235ዩ ሲል 12ኛ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» ደግሞ ትንሽ ኃይል እንዲበላ ተደርጎ የተሠራ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር መሆኑን ትናገራለች።

ይቺን «ዩ» አትናቋት። በ2016 የወጣው የላፕቶፕ አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ነው ያለው። የ2011ዱ ዴስክቶፕ አይ 5-2400 አራት አለው። ስለዚህ «አይ 7 እኮ ነው!» ተብሎ ዋጋ ሲጨመርባችሁ ሙሉ ስሙን ጠይቁ። ተለጣፊውን ተዉት። ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩ፤ ሲፒዩ ላይ ስትሆኑ ሙሉ ስሙ በቀኝ በኩል ከላይ ይታያል።

«3.4 ጊጋኸርትዝ ከ1.3 ይበልጣል»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ 1235ዩን «1.30 ጊጋኸርትዝ» ብሎ ያሳየዋል። ገዢው ያንን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ 2600 3.4 ይላላ! ግን 1.3 መነሻው ነው። ሥራ ሲመጣበት እስከ 4.4 ይወጣል። የ2600 ጣሪያ 3.8 ነው።

ይሄም ቢሆን ዋናው ነገር አይደለም። ጊጋኸርትዝ የሚለካው የፍጥነቱን ምት እንጂ በአንድ ምት የሚሠራውን ሥራ አይደለም። ቡና ወደ አይሱዙ የሚጭኑ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ እየሮጠ ግማሽ ኩንታል ይሸከማል፣ ሌላው በእርጋታ ሙሉውን። መኪናውን ቀድሞ የሚሞላው ማን እንደሆነ እርምጃ በመቁጠር አይታወቅም። ኢንቴል ገና በ2004 3.8 ጊጋኸርትዝ የሚመታ ፔንቲየም 4 አውጥቶ ነበር። በምት ብቻ ቢሆን ያ ፔንቲየም የ2600 እኩያ በሆነ ነበር። አጠገቡም አይደርስም።

ወርድ መክፈት፣ ኤክሴል ላይ መሥራት፣ ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ መክፈት፣ እዚህ ሁሉ ላይ 1235ዩ 2600ን በግልጽ ይቀድመዋል። አሥር ኮር አለው፦ ሁለት ትልልቅ፣ ስምንት ትንንሽ። 2600 አራት ነው።

«እንግዲያው አዲስ ላፕቶፕ ሁሉ ከአሮጌ ዴስክቶፕ ይሻላል»

ኧረ በፍጹም! ከካርቶን የወጣ ብራንድ ኒው ላፕቶፕ ውስጥ ሴሌሮን ኤን4020 የሚባል ደካማ የኢንቴል ፕሮሰሰር ልታገኙ ትችላላችሁ። ሁለት ኮር ብቻ፣ 6 ዋት። 4 ጊጋ ራም ቦርዱ ላይ ተበይዶ ሲመጣማ ጭራሽ አያላውስም። ለኔ ምርጫ ብትሰጡኝ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) የገባለትን 2600 ነው የማነሳው።

የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲም ስም ላይ ይጫወታል። ራይዘን 5 7520ዩ ሲባል በ7 ሺህ ስለሚጀምር የቅርብ ይመስላል። የኮሩ ንድፍ ግን በ2019 የወጣው ዜን 2 ነው። ሦስተኛዋ ቁጥር፣ 2፣ የምትናገረው ይህንኑ ነው፤ ግን ማን አይቷት!

«ላፕቶፕ ቪዲዮ ኤዲት አይችልም»

የሰርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች ይሄን ስትሉ እሰማለሁ። ግማሽ እውነት አለው። 1235ዩ ለአጭር ጊዜ እስከ 55 ዋት መውሰድ ይችላል። ረጅም ሥራ ሲሆን ግን ሙቀቱ የሚወጣበት ስለሌለው ወደ መደበኛው 15 ዋት ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ኤክስፖርት ሲጀምር ይፈጥናል፣ ደቂቃዎች ሲያልፉ ይረጋጋል። 2600 ለ95 ዋት የተሠራ ነው፤ ትልቁ ፋኑ እስከሠራ ድረስ ሲያመሽም ያው ነው።

ግን አሁን ስልኮች የሚቀርጹት ብዙ ቪዲዮ ኤችኢቪሲ በሚባለው ፎርማት ነው። 1235ዩ ይህን የሚፈታ ራሱን የቻለ ክፍል አብሮት አለ። 2600 የለውም፤ ሥራው ሁሉ ኮሮቹ ላይ ይወድቃል። ታይምላይኑን ስትጎትቱት የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ዩቲዩብም ቪዲዮ የሚልከው በብዛት ቪፒ9 እና ኤቪ1 በሚባሉት ነው፤ እነዚህንም 2600 በራሱ አያውቃቸውም። ስለዚህ ቀረጻችሁ ከስልክ የሚመጣ ከሆነ ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ ላፕቶፑ ይሻላችኋል። ብርድ ልብስ ላይ ብቻ አታስቀምጡት፣ አየር ከታች ነው የሚስበው።

«15 ዋት ማለት ላፕቶፑ 15 ዋት ይበላል ማለት ነው»

አይደለም። ቁጥሩ የፕሮሰሰሩ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ፣ ራሙ፣ ዋይፋዩ ለየብቻ አላቸው። ፕሮሰሰሩም ከላይ እንዳየነው ከ15 ያልፋል። የ2600 95 ዋትም ሁልጊዜ የሚበላው አይደለም፤ ሥራ ሲፈታ በጣም ይወርዳል።

ልዩነቱ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። ዴስክቶፕ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ከሌለው ያኔውኑ ድርግም ነው። ሁለት ገጽ ማመልከቻ በኦሮምኛና በአማርኛ ጽፋችሁ ሴቭ ሳታደርጉ የሄደባችሁ የጽሕፈት ሱቅ ሠራተኞች ታውቁታላችሁ። ለጽሕፈት ሥራ ላፕቶፕን የምመርጠው ከፍጥነቱ ይልቅ ለባትሪው ነው።

«የሚንቀረፈፈው ፕሮሰሰሩ ስላረጀ ነው»

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። አሮጌውን ዴስክቶፕ ከመጣላችሁ በፊት ኤስኤስዲ አስገቡለት፣ ራሙንም 8 ጊጋ አድርሱት። አከፋፈቱ ራሱ ሌላ ማሽን ይመስላል።

«በኋላ ፕሮሰሰሩን እቀይረዋለሁ»

ላፕቶፑን እርሱት፤ 1235ዩ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። የዴስክቶፑ ይነቀላል፣ ግን ሶኬቱ (የሚሰካበት ቦታ) 1155 የሚባለው ስለሆነ የሚቀበለው ሁለተኛና ሦስተኛ ጄኔሬሽን ብቻ ነው። ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ከፈቀደ ቢበዛ አይ 7-3770 ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ስትሉ ቦርዱ አብሮ ይቀየራል፣ ብዙ ጊዜ ራሙም።

«ዊንዶውስ እስከጫነ ድረስ ችግር የለውም»

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር የኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ነው የሚጠይቀው። 2600 ከዝርዝሩ ውጭ ነው። በዘዴ የሚጭኑላችሁ ልጆች አሉ፣ ይሠራልም፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን አፕዴት ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። የባንክ ሒሳብ የምትከፍቱበት ከሆነ እኔ አልመክርም። ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ የሚባለውን ሲስተም ጫኑበት፦ ነፃ ነው፣ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ 2600ም በደንብ ይሸከመዋል።