ሶሺዮሎጂን በወሎ መማር

ሶሺዮሎጂ ሰዎች ተሰባስበው እንዴት እንደሚኖሩ፣ ኑሯቸው በምን እንደሚጸናና በምን እንደሚናጋ የሚያጠና ትምህርት ነው። ወሎ ውስጥ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በደሴው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ።

ትምህርቱ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አራት ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው የፍሬሽማን ዓመት ነው። ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ የመሳሰሉትን ሁሉም በጋራ ይማራል። ቀጥሎ የዲፓርትመንት ምርጫ ይመጣል። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ ሶሺዮሎጂን ወዶ የገባው እንዳለ ሁሉ ውጤቱ ሌላ ቦታ ስላላስገባው «ደረሰኝ» ብሎ የገባውም ብዙ ነው።

ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ቲዎሪ ይመጣል። የትምህርቱ መሥራቾች የሚባሉት ማርክስ፣ ዱርካይም፣ ዌበር። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ይሰለቻል፣ ስሞቹ የሩቅ ናቸውና። ወሎ ላይ ግን ምሳሌው ደጅ ላይ ነው። ዱርካይም ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ የወሎ ልጅ ቅሬን፣ ማለትም የአካባቢውን ዕድር፣ ያውቃል። ሰው ሲሞት ቅሬው መቃብር ይቆፍራል፣ ለቀስተኛውን ያበላል፣ ከለቅሶው የቀረውን አባል ይቀጣል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ውስጥ መገኘታቸውም ብርቅ አይደለም። ዌበር ሥልጣንን ባህላዊ፣ በግል ሞገስ የቆመና ሕጋዊ ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። አበጋሮችስ የት ይመደባሉ? ደም የተቃባን በዱዓ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አበጋርነቱ ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። ቃላቸው የሚከበረው ግን በዘራቸው ብቻ አይደለም፣ ሰዉ ስለሚፈራቸውና ስለሚያምናቸውም ጭምር ነው። አንዱ መደብ ብቻውን አይበቃቸውም። ጥሩ የክፍል ክርክር የሚወጣው ከዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው።

በሽምደዳ የማይገፋው ክፍል የምርምር ዘዴው ነው። ናሙና መውሰድ፣ ቃለ መጠይቅ ማድረግና ቁጥርን በኮምፒዩተር መተንተን አለ። ተማሪዎቹ ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ ዓመት ላይ፣ ሲሆኑ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ። ለርዕስ ወሎ ሞልቶ የተረፈ ነው፦ ወደ አረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች፣ በሁለት ሃይማኖት መካከል የሚፈጸም ጋብቻ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች ኑሮ፣ የ1966 እና የ1977 ረሃብ ትዝታ፣ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ የተፈናቀሉ ሰዎች። ጦርነቱ ራሳቸውን ዩኒቨርሲቲዎቹንም አልማራቸውም፤ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ገበሬው በአማርኛ፣ ከሚሴ አካባቢ በኦሮምኛ ይጠየቃል። ከኢንተርኔት ተገልብጦ የሚቀርብ ጽሑፍ አይጠፋም። ከምር የሠራው ተማሪ ግን ቡና እየጠጣ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ሲሰማ የሚያገኘውን ሃንድአውት ላይ አያገኘውም።

ለመመረቅ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ቅሬና አበጋር ላይ የጻፉት እዚያ አይጠየቅም፣ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ወራት ወደ ሽምደዳ ይመለሳሉ።

ሥራውስ? «ሶሺዮሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ያን ያህል አይበዛም። ተመራቂው የሚወዳደረው ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣ ለማረሚያ ቤት ወይም ለኤንጂኦ ፕሮጀክት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሶሻል ወርክ ተመራቂ ጋር እየተጋፋ። ለኤንጂኦው ሥራ መረጃ መሰብሰብና ሪፖርት መጻፍ ከቲዎሪው ይልቅ ይጠቅማል። እንግሊዝኛውንና የኮምፒዩተር ትንተናውን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የያዘ ተማሪ እዚያ ላይ ይቀድማል።