ከሻጋታ ጋር የተያያዘ ከባድ አስም፦ ከጎጃም አውድማ አንጻር

የአስም ሕመምተኛ ሰውነት በሻጋታ ብናኝ ላይ ከልክ በላይ ሲቆጣና ሕመሙ በተለመደው መድኃኒት አልገታ ሲል፣ ሐኪሞች ከሻጋታ ጋር የተያያዘ ከባድ አስምን ይጠረጥራሉ። ዋናው ተጠያቂ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የተባለው ሻጋታ ነው። ብናኙ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል፤ በሰውነት ሙቀትም ይበቅላል።

የቢቸና ጤፍና የቡሬ በቆሎ አገር የሆነው ጎጃም፣ ብዙዎችን የሚቀልብ ጎተራ ነው። ክረምቱም የዚያኑ ያህል ብርቱ ነው። ሳይደርቅ የተከተተ በቆሎ፣ ከክምር ሥር የረጠበ ገለባ፣ የከረመ ድርቆሽ ሁሉ ሻጋታ ያፈራሉ፤ በውቂያ ጊዜ እብቁ ሲነሳ ብናኙም አብሮ ይነሳል።

ሻጋታው የሚያመነጫቸው ፕሮቲን ሰባሪ ኢንዛይሞች የአየር ቧንቧውን ሽፋን ይጎዳሉ። የተጎዱት ሕዋሳት ኢንተርሉኪን-33፣ ኢንተርሉኪን-25 እና ቲኤስኤልፒ የተባሉ የማንቂያ መልእክቶችን ይለቃሉ። መልእክቱ የደረሳቸው ነጭ የደም ሕዋሳት በተራቸው ሌሎች ሦስት ይልካሉ፦ ኢንተርሉኪን-4 ኢሚዩኖግሎቡሊን-ኢ የተባለው የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል እንዲመረት ያደርጋል፤ ኢንተርሉኪን-5 ኢዮሲኖፊል የተባሉትን የአለርጂ ነጭ የደም ሕዋሳት ከአጥንት መቅኒ ያበዛል፤ ኢንተርሉኪን-13 ደግሞ አክታን ያበራክታል፣ ቧንቧውንም ያጠብባል። ኢዮሲኖፊሎቹ ሲሞቱ የሚተዉት ክሪስታል አክታውን ያጠጥረዋል። በአንዳንድ ሕመምተኞች ኢንተርሉኪን-17 ኒውትሮፊል የተባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራል፤ ስቴሮይድ (ቁጣ አብራጅ መድኃኒት) የማይበግረው አስም ከዚህ ይመነጫል የሚለው ግን ገና አከራካሪ ነው።

ይኸው ሻጋታ ሳንባ ውስጥ አለርጂ የሚቀሰቅስበት ተዛማጅ ሕመም፣ አለርጂያዊው የሳንባ አስፐርጊሎሲስ፣ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ተገለጸ።

ምርመራው ጎጃም ላይ ሁለት እንቅፋት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለዚህ አስፐርጊሎሲስ ጠቅላላ ኢሚዩኖግሎቡሊን-ኢ በሚሊ ሊትር 500 ዩኒት እንዲደርስ ይጠይቃል፤ ወስፋትና መንጠቆ ትልም ይህንኑ ቁጥር ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ በሻጋታው ላይ ያነጣጠረውን ፀረ እንግዳ አካል ለይቶ መለካት ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ደም የቀላቀለ አክታና በራጅ የሚታይ ጥላ ቲቢን ይመስላሉ። አክታው ላይ የቲቢ ባክቴሪያ ሳይገኝ መድኃኒቱ ተጀምሮ ለውጥ ከሌለ፣ ሻጋታን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የአስፐርጊሎሲሱ ሕክምና በአብዛኛው ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ነው። በከባዱ አስም ላይ ፀረ ሻጋታው መድኃኒት ኢትራኮናዞል እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ጠቅሟል፤ በ2014 የታተመው የሌላው ፀረ ሻጋታ፣ የቮሪኮናዞል፣ ሙከራ ግን ፋይዳ አላሳየም። ቲኤስኤልፒን የሚያግደው አዲሱ መርፌ ቴዜፔሉማብ ዋጋው አይቀመስም። ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ስትሮንጊሎይድስ የተባለውን የአንጀት ትል መመርመር ወይም ማከም ያስፈልጋል፤ ስቴሮይድ ትሉን በመላ ሰውነት አሰራጭቶ ሊገድል ይችላል።