«ፍላሼ ላይ አለ» እና ሌሎች ዋጋ የሚያስከፍሉ እምነቶች

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባለች አንዲት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሲቪ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቡና ውል፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ፋይሉ፣ አካውንቱ ወይም ብሩ ጠፍቶበት የሚመጣ ሰውም ብዙ ነው። አብዛኛው ገና ከበሩ «ሀክ ተደረግኩ» ይላል። ቁጭ ብለን ነገሩን ከሥሩ ስናየው ግን ብዙ ጊዜ ሀከር የሚባል ሰው የለም። ጉድ የሠራው ሰውየው ራሱ ያመነው የተሳሳተ ነገር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ፍላሼ ላይ አለ፣ ሐሳብ የለም»

ባለፈው ሰኔ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ዝናብ እየወረደባት መጣች። በማግስቱ ዲፌንስ አለባት። ፍላሹን ስሰካው ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ጠየቀ፤ ያለውን ሁሉ ደምስሼ እንደ አዲስ ላዘጋጀው ማለቱ ነው። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። የዓመት ሥራዋ ያለው እዚያች ጣት የማታክል ነገር ላይ ብቻ ነበር። «እሺ» የሚለውን አልነካንም። የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ታግለን ከሦስት ሳምንት በፊት የተቀመጠውን ቅጂ አገኘን። የቀረውን ሌሊቱን ሙሉ ስትጽፍ አደረች።

ፍላሽ ማመላለሻ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ከአንዱ ሱቅ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሰካ ቫይረስ ይዞ ይዞራል። ፋይል እየተገለበጠ መብራት ድርግም ካለ ደግሞ ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያሳየው ማውጫ ሊበላሽ ይችላል። እኛ ጋ መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም።

ጉግል ድራይቭ ለአንድ አካውንት 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። ጂሜይልና ጉግል ፎቶም ከዚችው ላይ ነው የሚቆጥሩት፤ ያም ሆኖ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይተርፋል። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ቴሌግራም ውስጥ «ሴቭድ ሜሴጅስ» አለ። ማታ ሥራ ስታቆሙ ፋይሉን ለራሳችሁ ላኩት። ስሙ ላይ ቀኑን ጻፉበት። ፍላሹ «ፎርማት ልሁን» ካለ ደግሞ እሺ አትበሉ፣ ሌላ ፋይልም አትጫኑበት። አዲስ የሚጻፈው በአሮጌው ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያኔ መመለሻ የለውም።

«ኢሜይል ለማመልከቻ ብቻ ነው፣ ባለሱቁ ይክፈትልኝ»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ይወጣል። ልጁ እየሮጠ ይመጣና «ኢሜይል ክፈትልኝ» ይላል። ባለሱቁ በራሱ ስልክ ያረጋግጥለታል። ፓስወርዱን የልጁ ስምና 123 ያደርገዋል። በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠዋል። ወረቀቱ ከሱሪው ጋር ይታጠባል። ከሁለት ወር በኋላ ለፈተና የተጠራበት መልእክት ይመጣል፤ የሚከፍተው ግን የለም። ልጁ ለቀጣዩ ማስታወቂያ ሌላ ኢሜይል ያስከፍታል። በዚህ ዓይነት አራት አምስት ኢሜይል ያለው፣ አንዱንም መክፈት የማይችል ሰው በየሳምንቱ አገኛለሁ።

ሌሎች አካውንቶቻችሁ ፓስወርዳቸው ሲረሳ ብዙ ጊዜ የሚመለሱት በኢሜይል በኩል ነው። ማስመለሻው ስልክ የባለሱቁ ከሆነ አካውንቱም በተግባር የእሱ ነው። ሰውየው ጨዋ ቢሆን እንኳ ነገ ሲሙን ሊጥለው ወይም አገር ሊቀይር ይችላል። በዚያ ላይ ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተገባበትን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። ከዚያው ዓመት ዲሴምበር ጀምሮም መሰረዝ እንደሚጀምር ተናግሯል። አካውንቱ ሲሄድ ድራይቩም ፎቶውም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ለዕድሜ ልክ አንድ ኢሜይል ይበቃል። በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ እጅ ክፈቱት። ባለሱቁ ያሳያችሁ፤ ፓስወርዱን ስትጽፉ ግን ፊቱን ያዙር። እኔ አሁን የደንበኛው ስልክ ከሌለ አልከፍትም። የሚቆጣ አለ፤ ግድ የለም፣ ይቆጣ።

ፓስወርዱም ረጅም ይሁን። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት ቢቀጣጠሉ፣ አማርኛም ኦሮምኛም ቢደባለቅበት፣ ከስምና ከትውልድ ዓመት በእጅጉ ይሻላል። «በየወሩ ካልተቀየረ ይሰበራል» የሚባለውንም ተዉት። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ተሰርቋል የሚያሰኝ ምልክት ሳይኖር ሰውን በየጊዜው ፓስወርድ ማስቀየር አያስፈልግም ብሏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰው ሲሰለቸው መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይቀይርና ያልፈዋል።

«ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ከሁለታችን ሌላ አያየውም»

ይህ የሚሠራው «ሲክሬት ቻት» ለሚባለው ብቻ ነው። እሱን ራሳችሁ መርጣችሁ መክፈት አለባችሁ፣ ግሩፕ ላይም የለም። ሌላው ተራ ወሬ በመንገድ ላይ ሲሄድ ይመሰጠራል፤ የሚቀመጠው ግን የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው። አዲስ ስልክ ላይ ስትገቡ የድሮው ወሬ ሁሉ ተመልሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል መልእክትን፣ እናንተ ምንም መምረጥ ሳያስፈልጋችሁ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራል፤ ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ድርጅቱ ራሱም አያነበውም ማለት ነው። መታወቂያና የባንክ ወረቀት የምትላላኩ ከሆነ ይህ ልዩነት ይጠቅማችኋል።

አካውንት የሚወሰደው ግን ምስጠራ ተሰብሮ አይደለም። ወዳጃችሁ «ለእህቴ ልጅ ድምፅ ስጪልኝ» ብሎ ሊንክ ይልካል። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ የመጣውን ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን በጻፋችሁበት ቅጽበት አካውንቱ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ተከፍቷል። የላከው ወዳጃችሁም ቀድሞ በዚሁ መንገድ የተወሰደበት ነው። ኮዱን ለማንም አትስጡ። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁት ስልክ ካለ አስወጡት። ከኮዱ በተጨማሪ ራሳችሁ ያወጣችሁትን ፓስወርድ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ዛሬውኑ አብሩት።

«ኢንኮግኒቶ ከከፈትኩ አልታይም»

ኢንኮግኒቶ የብሮውዘሩ የግል መስኮት ነው። የጎበኛችሁትን ታሪክና ኩኪውን (ድረ ገጹ እናንተን ለማስታወስ ኮምፒውተሩ ላይ የሚተወውን ትንሽ ፋይል) መስኮቱ ሲዘጋ ያጠፋል፤ በሕዝብ ኮምፒውተር ላይ ይህ ጥሩ ነገር ነው። የገባችሁበት ድረ ገጽና ኔትዎርኩን የሚያስተዳድረው ሰው ግን ያያችኋል። ያወረዳችሁት ፋይልም እዚያው «ዳውንሎድስ» ውስጥ ይቀራል። ያልተሰረዘ የስንቱን ሰው ዲግሪና መታወቂያ እዚያ አግኝቼ እንዳጠፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

«የቁልፍ ምልክት ካለው ድረ ገጹ እውነተኛ ነው»

አድራሻው አጠገብ የሚታየው ቁልፍ የሚናገረው በእናንተና በድረ ገጹ መካከል ያለው መንገድ መመስጠሩን ብቻ ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይናገርም። ቁልፉን የሚያሰጠውን ዲጂታል የምስክር ወረቀት እንደ ሌትስ ኢንክሪፕት ካሉ ድርጅቶች አጭበርባሪውም በነፃ ማውጣት ይችላል። ክሮምም ሰው በዚህ ሲሳሳት አይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክቱን ቀይሮታል። የስኮላርሺፕና የቪዛ ሊንክ ሲመጣላችሁ አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብቡ።

«አማርኛው ተበላሽቷል፣ ቫይረስ በልቶታል»

የድሮ ደብዳቤ ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይወጣል። አንድ አዛውንት ከይዞታ ጋር የተያያዘ ማመልከቻቸው እንዲህ ሆኖባቸው «ልጄ፣ በቃ ጠፋ?» አሉኝ። አልጠፋም ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ቁጥር ላይ እየደረቡ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይሠሩ ነበር። እነሱ ገበያ ላይ ሰንብተዋል፤ ብዙ ሰነድም ተጽፎባቸዋል። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም ያጣል እንጂ አይጠፋም። ፎንቱን ስጭነው የአዛውንቱ ማመልከቻ ከነማኅተም ቦታው ተመልሶ መጣ። አዲስ ስትጽፉ በዩኒኮድ ፎንት ጻፉ፤ ኒያላ የሚባለውም ኢብሪማ የሚባለውም ይሆናል። ለሌላ ሰው ስትልኩ ፒዲኤፍም ጨምሩበት።

«ስክሪንሾት አሳይቶኛል፣ ብሩ ገብቷል»

ማር የምትሸጥ አንዲት ደንበኛችን ናት። ባለፈው አንድ ሰው አምስት ኪሎ ወስዶ የተላከ ብር የሚያሳይ ስክሪንሾት ከስልኩ አሳያት። ስሟ አለ፣ ቀኑ አለ፣ የብሩ መጠን ትክክል ነው። ማታ ሒሳቧን ስታየው ምንም የለም። ስክሪንሾት ሥዕል ነው፤ በማንኛውም ስልክ ላይ ቁጥሩና ስሙ ይቀየራል። «ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክትም ከማንም ተራ ቁጥር ተጽፎ ሊላክ ይችላል። የሚታመነው በራሳችሁ ስልክ የምታዩት ቀሪ ሒሳብ ነው፤ የቴሌብር ከሆነ *127# ብሎ ማየት ነው። መተግበሪያውን ለመክፈት ዳታ ባይኖርም ይህ ይሠራል። እሷ አሁን መጀመሪያ ስልኳን ታያለች፣ ከዚያ ነው ማሩን የምታቀብለው። ወረፋ የያዘው ይጠብቃል።