23.5 ወይስ 88 ከመቶ? የልጆች ድህነት ሲለካ

በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሕዝብ ድሃ የሚባለው 23.5 ከመቶ ነው ተባለ። ቆየት ብሎ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ፣ ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 88 ከመቶው ድሃ ናቸው አሉ። የቱን እንመን? ሁለቱንም። የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው።

የመጀመሪያው የሚያየው የቤተሰቡን ፍጆታ ነው። ለምግብና ለሌላ መሠረታዊ ነገር የሚውለው ከድህነት ወለል በታች ከሆነ ቤተሰቡ ድሃ ይባላል። ሁለተኛው፣ «ዘርፈ ብዙ» የሚሉት፣ ልጁን ራሱን ያያል። የሚጠጣው ውኃ ንጹሕ ነው? ሽንት ቤት አለው? ትምህርት ቤት ገብቷል? ከሚጠኑት ዘርፎች ቢያንስ ሦስቱ የጎደሉበት ልጅ ድሃ ተብሎ ይቆጠራል። በዚያ ጥናት ገጠር ውስጥ ይህ ቁጥር 94 ከመቶ ደርሶ ነበር፤ ከተማ ላይ 42 ነበር።

ስለዚህ ጎተራው ሞልቶም ልጅ ድሃ ሊሆን ይችላል። ምንጩ ሩቅ ከሆነ ጄሪካኑን የምትሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል። ታናሽ ወንድሟን ያ ውኃ ተቅማጥ ሲያስይዘው እናት አዝላው ጤና ጣቢያ ትሮጣለች። የዚያ ቀን ገበያ ቀረ። ለመድኃኒቱ ዶሮ ይሸጣል፣ ካልሆነም ብድር ይገባል። ከልጁ የጀመረው ጉድለት ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

ለድሃ ቤተሰብ እህል ወይም ገንዘብ እንደሚሰጠው ሴፍቲኔት ያለ ድጋፍ የመጀመሪያውን ቁጥር ዝቅ ያደርጋል። ሁለተኛውን ለማውረድ ግን ቦኖ ውኃ፣ ጤና ኬላና መምህርም ያስፈልጋሉ።