ስታክ እና ሪች ምንድን ናቸው? ከማውንቴን ወደ ኮርስ ብስክሌት ለሚሻገር

ማውንቴን ሲነዳ የኖረ ሰው የመጀመሪያውን ኮርስ ብስክሌት ሊገዛ ሲነሳ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ክብደቱ ላይ ነው። ቀጥሎ ማርሹ፣ ከዚያ ቀለሙ። (ቀለሙ ይቀድማል የሚሉም አሉ፤ አልከራከርም።) ልኩን ግን "ሚዲየም ነኝ" ብሎ ያልፈዋል። ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ኮርስ ላይ ሰዓታት የሚያልፉት ቁጭ ተብሎ ነው። የማይመች አቀማመጥ ደግሞ ወገብና አንገት ላይ ቶሎ ይታወቃል። አቀማመጣችሁ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቀድመው የሚናገሩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ ስታክ እና ሪች።

ሁለቱም የሚለኩት ከአንድ ቦታ ተነስቶ ነው፤ የፔዳሉ ክንድ ከሚዞርበት ማዕከል። ከዚህ ነጥብ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ፣ የፊት ጎማውን የያዘው ፎርክ የሚያልፍበት የፊት ቱቦ አናት ካለበት ከፍታ ድረስ ስትለኩ ስታክን ታገኛላችሁ። ከዚያው ነጥብ አግድም ወደ ፊት፣ እስከ ፊት ቱቦው አናት መሃል ድረስ ስትለኩ ደግሞ ሪችን። ባጭሩ ስታክ የፍሬሙ ፊት ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ሪች ምን ያህል ወደ ፊት እንደራቀ ይናገራል። በሚሊሜትር ይጻፋሉ፤ አምራቹ በሚያወጣው የጂኦሜትሪ ሠንጠረዥ ላይ ይገኛሉ።

ድሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። የኮርስ ፍሬም የላይኛው ቱቦ አግድም ስለነበር "56" ከተባለ የኮርቻው ቱቦ ርዝመት 56 ሴንቲሜትር ነው ማለት ነው፤ ሌላውም በዚያው ልክ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ጃየንት የተባለው አምራች ቲሲአር የሚባለው ኮርስ ብስክሌት ወደ ኋላ ያዘነበለ የላይኛ ቱቦ ይዞ መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የኮርቻው ቱቦ አጠረ፤ የድሮው ቁጥርም ስሙ ብቻ ቀረ። ዛሬ የአንዱ አምራች 54 ከሌላው 56 ጋር ሊቀራረብ ይችላል።

"ሪችንማ አውቀዋለሁ፤ ማውንቴኔን የመረጥኩት በእሱ ነው" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ችግሩ ቁጥሩን ይዞ መሻገሩ ላይ ነው። የዛሬ ማውንቴን ሪቹ 470 ሚሊሜትር ቢሆን አይገርምም። የኮርስ ፍሬም ግን በዚያው ቁመት ላለ ሰው 385 አካባቢ ነው። ይህን ያየ ማውንቴን ነጂ "ይሄ የልጅ ብስክሌት ነው" ይልና አንድ ልክ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ ተዘርግቶ ይነዳል።

እስቲ እንደምረው። ማውንቴኑ ላይ መሪውን ከፎርኩ ጋር የሚያያዘው ስቴም አጭር ነው፤ 40 ሚሊሜትር እንበል። 470 ሲደመር 40፣ 510። ኮርሱ ላይ ስቴሙ 100 ነው። የታጠፈው መሪ ራሱ ደግሞ 80 ያህል ወደ ፊት ይወጣል። 385፣ 100 እና 80 ሲደመሩ 565። "ትንሽ" የተባለው ብስክሌት እጃችሁን 5 ሳንቲም ተኩል ወደ ፊት ወሰደው ማለት ነው። የፍሬን መያዣው ላይ ስትደገፉ ደግሞ ከዚያም ይርቃል።

አላለቀም። የማውንቴን የኮርቻ ቱቦ ቀጥ ያለ ነው፤ 76 ዲግሪ እና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። የኮርሱ 73 አካባቢ ነው። ኮርቻው 70 ሳንቲም ከፍታ ላይ ከሆነ ይህቺ የ3 ዲግሪ ልዩነት መቀመጫችሁን 3 ሳንቲም ተኩል ያህል ወደ ኋላ ትገፋለች። እጅ ወደ ፊት፣ መቀመጫ ወደ ኋላ፤ በድምሩ 9 ሳንቲም ገደማ። ማውንቴኑ ሪቹ የረዘመው ቆሞ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ታስቦ ነው። ቁጭ ስትሉ ያ ርዝመት ያን ያህል አይሰማችሁም።

ለእኔ ከማውንቴን የሚመጣ ሰው ቀድሞ ማየት ያለበት ስታክን ነው። ተቀራራቢ ልክ ባላቸው በአንድ የውድድርና በአንድ የረጅም መንገድ (ኢንዱራንስ የሚባለው) ፍሬም መካከል ያለው የስታክ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሚሊሜትር ነው። ወረቀት ላይ ኢምንት ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ግን አንገት ያውቀዋል። ከፍ ባለው ፍሬም ላይ ከስቴሙ ስር የሚገባውን የከፍታ ማስተካከያ ቀለበት አውጥቶ መሪውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ዝቅ ያለውን ማንሳት ግን ገደብ አለው፤ በተለይ የፎርኩ ቱቦ ካርቦን ከሆነ አምራቹ ከፈቀደው የቀለበት ብዛት ማለፍ አደጋ ነው።

ሁለት ፍሬም ስታወዳድሩ ደግሞ ሪቹን ብቻ ነጥላችሁ አትዩ። የፊት ቱቦው ወደ ኋላ ስላዘነበለ ከስቴሙ ስር 10 ሚሊሜትር ቀለበት ሲገባ መሪው 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ እናንተ ይመጣል። አንዱ ፍሬም ስታኩ 560፣ ሪቹ 390 ነው እንበል። ሌላው 590 እና 380። ሁለተኛው በ10 ሚሊሜትር ያጠረ ይመስላል። የመጀመሪያውን በ30 ሚሊሜትር ቀለበት ወደ 590 ስታነሱት ግን ሪቹ 381 ይሆናል። አንድ ናቸው! ብዙ ሰው "ኢንዱራንስ አጭር ነው" የሚለው ይህን ስለማያሰላ ነው።

ያገለገለ ብስክሌት ከሆነና ሠንጠረዥ ከሌለው ሜትር ይበቃል። ብስክሌቱን ደልዳላ ወለል ላይ ቀጥ አድርጋችሁ የኋላ ጎማውን ግድግዳ አስነኩት። ከወለሉ የፔዳሉ ክንድ እስከሚዞርበት ማዕከል፣ ከወለሉ እስከ ፊት ቱቦው አናት ለኩ፤ ልዩነታቸው ስታክ ነው። ከግድግዳው ተነስታችሁ እንዲሁ ስታደርጉ ሪች ይወጣል። የራሳችሁን ማውንቴንም ለኩት፤ ስቴሙንና የኮርቻውን ዲግሪ ግን አትርሱ።

ስታክና ሪች የማይናገሩትም አለ። የጎማ ስፋት፣ የፍሬን ዓይነት፣ ብስክሌቱ መታጠፊያ ላይ ያለው ጠባይ ከነዚህ ቁጥሮች አይነበብም። ለማውንቴን ነጂ 32 ሚሊሜትር ጎማ የሚያስገባ ፍሬም ቢሆን ደግ ነው፤ እሱን ለብቻው ጠይቁ።

ልኩ ሊመጣ ስቴሙ ከ80 ሚሊሜትር በታች ማጠር ካለበት ፍሬሙ በዝቶባችኋል፤ አንድ ልክ ውረዱ። ሲገጣጠም ደግሞ የፎርኩን ቱቦ ቶሎ እንዳይቆርጡባችሁ። ትርፉ ለጥቂት ሳምንታት ከስቴሙ በላይ ከነቀለበቱ ይቆይ። ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ግን ከተቆረጠ በኋላ መሪው ከፍ ይበል ብትሉ ያለው አማራጭ ወደ ላይ ያዘነበለ ስቴም ወይ አዲስ ፎርክ ነው።